ከጣቢያ የማትወጣው ሎኮሞቲቭ

ስለ ጀርመን የእንፋሎት ባቡር ወሬ ከተነሳ ነገሩ ከፍጥነት መጀመሩ አይቀርም። በ1936 ዓ.ም. 05 002 የተባለችው ሎኮሞቲቭ በበርሊንና በሃምቡርግ መካከል በሰዓት 200.4 ኪሎ ሜትር ከንፋ የእንፋሎት ባቡሮችን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እህቷ 05 001 ዛሬም ኑርንበርግ ባለው የባቡር ሙዚየም ቆማለች። ሰው ከፊቷ ሆኖ ፎቶ ይነሳል። አይፈረድበትም፣ በጣም ታምራለች።

እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ሮጠች ከተባለ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ ሎኮሞቲቭ ነው። ርዝመቷ አሥር ሜትር አይሞላም። ከከተማ ከተማ መንገደኛ ማመላለስ ሥራዋ አልነበረም። ውሎዋም አዳሯም አንድ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ፉርጎ ትጎትታለች፣ ፉርጎ ትገፋለች፣ ፉርጎ ትለያለች። ምድብ 80 ይሏታል። በ1927 እና በ1928 የተሠሩት በጠቅላላው 39 ብቻ ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስባቸው እንዲህ ይታየኛል፦ 05ቷ ባትኖር ኖሮ አንዳንድ ባቡር ትንሽ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። እንደ 80 ያሉት ባይኖሩ ግን ባቡሩ ከነጭራሹ አይነሳም ነበር።

ይህን ለመረዳት ላይፕዚግ ዋና ጣቢያን ማየት ያስፈልጋል። ግንባታው በታኅሣሥ 1915 ሲያልቅ 26 መድረክ ነበረው። የፊት ለፊት ግድግዳው ብቻ ሦስት መቶ ሜትር ገደማ ነው። ያኔ ፕሩሲያና ሳክሶኒ የየራሳቸው የባቡር መሥሪያ ቤት ስለነበራቸው ሕንፃውን መሐል ለመሐል ተካፈሉት። ምዕራቡ የፕሩሲያ፣ ምሥራቁ የሳክሶኒ። የመግቢያ አዳራሹ ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬም ገብታችሁ ብታዩት በግራና በቀኝ ሁለት እኩል ትላልቅ በሮች ታያላችሁ።

ለኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን ጣቢያው የሐዲድ መጨረሻ መሆኑ ነው። ባቡሩ ገብቶ በሌላ በኩል አይወጣም። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ያበቃል። እስቲ አስቡት። ከበርሊን የመጣ ፈጣን ባቡር ጭሱን እየነፋ ይገባና ከማቆሚያው ብረት ፊት ይቆማል። መንገደኛው ይወርዳል። ባቡሩን የጎተተችው ትልቋ ሎኮሞቲቭ አሁን ወጥመድ ውስጥ ናት። ከፊቷ ግድግዳ፣ ከኋላዋ አሥር አሥራ ሁለት ፉርጎ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም።

ትንሿ የምትመጣው ይሄኔ ነው። ከባቡሩ ጭራ በኩል ትጠጋለች፤ አንድ ሠራተኛ ያያይዛታል፤ ፉርጎዎቹን በሙሉ ጎትታ ወደ ማጽጃውና ማቆያው ሐዲድ ትወስዳቸዋለች። አሁን ትልቋ ነፃ ወጣች። ወደ ማደሪያዋ ሄዳ ከሰልና ውሃ ትሞላለች፣ በማዞሪያው መድረክ ላይ ፊቷን ታዞራለች። ትንሿ ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞ የታጠቡ ፉርጎዎችን ይዛ ወደ መድረኩ ትመለሳለች። ምግብ ቤት የሆነው ፉርጎ መሐል ይግባ፣ የፖስታው ፉርጎ ከፊት ይሁን፣ አንደኛ ማዕረጉ እዚህ ጋ ይሁን፤ ይህን ሁሉ በቅደም ተከተል የምታሰልፈው እሷ ናት። ይህ በ26 መድረክ ላይ፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ያለማቋረጥ ይካሄዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የተሻጋሪ ፉርጎዎቹ ነገር ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛ ባቡር ሳይቀይር ሩቅ አገር ይደርስ ነበር፤ ባቡሩ ነው የሚቀየርለት። የተሳፈረበት ፉርጎ መሐል መንገድ ላይ ካለ ትልቅ ጣቢያ ሲደርስ ይፈታና ሌላ አቅጣጫ ከሚሄድ ባቡር ጋር ይያያዛል። ሰውየው ተኝቶ ከሆነ የሚሰማው ቀስ ያለ ግጭት ብቻ ነው። ግጭቱ ከበዛ ይነቃል፣ ሻንጣም ይወድቃል። ስለዚህ የሃምሳ ቶን ብረት ሰው ሳይቀሰቅስ ፉርጎ መንካት አለበት። ይህ የነጂው እጅ ሥራ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ማንም ክብረ ወሰን መዝግቦለት አያውቅም።

አሁን ለምን በ1927 አዲስ እንደተሠሩ ልንገራችሁ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን አንድ የባቡር ድርጅት አልነበራትም። ፕሩሲያ፣ ባቫሪያ፣ ሳክሶኒ፣ ቩርተምበርግ፣ ባደንና ሌሎችም የየራሳቸውን ሎኮሞቲቭ በየራሳቸው ልክ ያሠሩ ነበር። በሚያዝያ 1920 ሁሉም ለማዕከላዊው መንግሥት ተላለፉና ራይሽስባን የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ። ራይሽስባን የወረሰው የሎኮሞቲቭ ዓይነት ከሁለት መቶ በላይ ነበር። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይሆንም። የሙኒክ መካኒክ የድሬስደንን ሎኮሞቲቭ አያውቃትም። በዚያ ላይ በጦርነቱ ማቆሚያ ስምምነት መሠረት 5,000 ደህና ደህና ሎኮሞቲቮች ለአሸናፊዎቹ አገሮች እንዲሰጡ ተደርጓል። የቀረው አሮጌውና የተጎዳው ነው።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣ፦ ለመላው አገሪቱ አንድ ወጥ ሎኮሞቲቮች ይነደፉ። ሥራውን የመሩት የራይሽስባን የሎኮሞቲቭ ንድፍ ኃላፊ ሪሻርድ ፓውል ቫግነር ናቸው። እሳቸው ይፈልጉ የነበረው ቀላል፣ ጠንካራ፣ የትም ቢወስዷት መካኒኩ የሚያውቃት ሎኮሞቲቭ ነው። ለምሳሌ ምድብ 24 እና ምድብ 64 ሥራቸው ቢለያይም ቦይለራቸው አንድ ነው፤ የአንዷ ቢበላሽ የሌላዋን መግጠም ይቻላል። ቁጥር አሰጣጡም ሥርዓት ያዘ። ከ01 ጀምሮ ያሉት ፈጣኖቹ ናቸው፣ ከ40 ጀምሮ ያሉት የዕቃ ጫኞች፣ ከ80 እስከ 96 ያሉት ደግሞ ውሃና ከሰላቸውን በራሳቸው ላይ የሚሸከሙት የዕቃና የጣቢያ ሠራተኞች። 80 እንግዲህ የዚያ ረድፍ የመጀመሪያዋ ናት።

በእውነቱ እኔን ወደዚህች ሎኮሞቲቭ የሳበኝ ይህ ነገር ነው። አዲስ ዘመን ሲጀመር ሰው መጀመሪያ የሚያሳምረው ሳሎኑን ነው። እነሱ ግን ፈጣኖቹን በሠሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ጓዳውንም አሰቡ። ለጣቢያ ግቢ ሥራ የተነደፈችው ሎኮሞቲቭ የተሠራችው በዚያው ልክ፣ በዚያው ጥራት፣ በዚያው የብረት ዓይነት ነው። «ለግቢ ሥራ አሮጌ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ በዚያን ጊዜም ነበር፤ ኋላም እሱ አሸነፈ። ቢያንስ በወረቀት ላይ ግን የጣቢያው ሠራተኛም አዲስ መሣሪያ እንደሚገባው ታምኖበት ነበር።

ንድፉ ራሱ ግልጽ ነው። ሦስት አክስል፣ ስድስት ጎማ፣ ሁሉም በዘንግ የተያያዙና ሁሉም የሚሠሩ። የሥራ ክብደቷ 54.4 ቶን ነው፤ ለሦስት ሲካፈል በያንዳንዱ አክስል ላይ 18 ቶን ገደማ ያርፋል። ፈጣን ሎኮሞቲቮች ከፊትና ከኋላ የማይሠሩ፣ ክብደት ብቻ የሚሸከሙና በኩርባ ላይ የሚመሩ ትንንሽ ጎማዎች አሏቸው። 80 ግን ይህ አያስፈልጋትም፣ አትሮጥምና። የያዘችው ክብደት ሁሉ ሐዲዱን ቆንጥጦ ለመያዝ ይውላል። የጎማው ቁመት 1.1 ሜትር ነው። ጎማ ሲያንስ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ከቆመችበት የመነሳት ጉልበት ግን ይጨምራል፤ ለጣቢያ ሥራ ደግሞ የሚያስፈልገው መነሳት ነው። ጉልበቷ 575 የፈረስ ጉልበት፣ የቦይለሯ ግፊት 14 ባር፣ የምትይዘው ውሃ 5 ሜትር ኩብ፣ ከሰሉ 2 ቶን። ውሃና ከሰል ሁልጊዜ አጠገቧ ስለሆነ ብዙ መሸከም አይጠበቅባትም።

የሚያከራክረው አንድ ነገር ግን አለ። 80 እንፋሎቱን ሁለት ጊዜ ነው የምታግለው። በቦይለሩ ውስጥ የተፈጠረው እንፋሎት 200 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ርጥበትም አለው። ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ወደ ውሃ ይመለሳል፣ ጉልበቱም ይባክናል። ቪልሄልም ሽሚት የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ለዚህ መላ አመጣ። እንፋሎቱ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት በእሳቱ ጭስ መሐል በሚያልፉ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደገና እንዲሞቅና እንዲደርቅ አደረገ። ፕሩሲያ ይህን ከ1898 ጀምራ ሞከረችው፤ ከዚያ ዓለም ሁሉ ወሰደው። ለረጅም ጉዞ ከሰልም ውሃም ይቆጥባል።

ጥያቄው ለጣቢያ ግቢ ይጠቅማል ወይ የሚለው ነው። 80 ሃምሳ ሜትር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ትጠብቃለች፣ ሰማንያ ሜትር ትመለሳለች። ቱቦዎቹ በደንብ እስኪግሉ ሥራው ያልቃል። በምትቆምበት ጊዜ ሲሊንደሩ ይበርዳል። ቀደም ያሉት የፕሩሲያ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች፣ በተለይ ከ1882 ጀምሮ ከ1,300 በላይ የተሠሩት ቲ 3 የሚባሉት፣ ይህ መሣሪያ ሳይኖራቸው ለአሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ለኔ ሚዛን የሚደፋው ወደ ቀላልነቱ ነው። አንድ ወጥ ደንብ ጥሩ ነው፤ ግን የሥራው ባሕርይ ሲለይ ደንቡም መላላት ነበረበት። ቱቦ በበዛ ቁጥር ጥገናው ይበዛል፣ ሥራው ደግሞ ለቱቦው ጊዜ አይሰጠውም። በሌላ በኩል እንደ ላይፕዚግ ባለ ጣቢያ ሙሉ ባቡር እየጎተተች አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ስትመላለስ ጥቅም አልነበረውም ማለትም አልችልም።

ሥራው እንደየቦታው ምን ያህል እንደሚለያይ የምታሳየው ደግሞ ምድብ 87 ናት። በዚያው ሰሞን ለሃምቡርግ ወደብ 16 ብቻ ተሠሩ። ወደቡ ላይ ሐዲዱ በመጋዘኖች መሐል ስለሚጠማዘዝ አምስት አክስል ያላት ሎኮሞቲቭ መታጠፍ ያቅታታል። መሐንዲሶቹ መካከለኞቹን ሦስቱን በዘንግ አያያዙና የፊቱንና የኋላውን በጥርስ ማሽከርከሪያ እንዲነዱ አደረጓቸው። እንዲህ ሲሆን ጫፎቹ ወደ ጎን ትንሽ ይላወሳሉ። ሠሪው ኦረንሽታይን ኡንድ ኮፐል ነበር። ዘዴው ብልጥ ነው፤ ጥገናው ግን ከባድ ነበር።

80ዎቹን የሠሩት አምስት ፋብሪካዎች ናቸው፦ የዩንገንታሉ ዩንግ፣ የማግደቡርጉ ቮልፍ፣ የኤርፉርቱ ሃጋንስ፣ የዱሰልዶርፉ ሆሄንሶለርንና የኮኒግስበርጉ ዩኒዮን። 39 ሎኮሞቲቭ ለአምስት ፋብሪካ! ለአንድ ትልቅ ፋብሪካ የጥቂት ወራት ሥራ ነው። ይህ የሆነው ዘመኑ የችግር ስለነበር ነው። ፋብሪካው ብዙ፣ ትዕዛዙ ጥቂት። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ቆርሶ ማካፈል ነበር። እንደዚያም ሆኖ ሃጋንስ በ1928፣ ሆሄንሶለርን በ1929 ተዘጉ። ኮኒግስበርግ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ የሩሲያ ግዛት ናት። የተሠሩባቸውን ቦታዎች ብቻ ተከትሎ የሄደ ሰው የጀርመንን ግማሽ ክፍለ ዘመን ይማርበታል።

ለምን 39 ላይ ቆመ? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ራይሽስባን ከ1924 ጀምሮ የጀርመንን የጦር ካሳ ከሚከፍሉት አንዱ ሆኖ 11 ቢሊዮን ማርክ ዕዳ ተጭኖበት ነበር። ሌላው ምክንያት ከውርስ የመጣው ነው። በየመስመሩ አዳዲሶቹ ሲገቡ አሮጌዎቹ ሥራ ይፈታሉ፤ ሥራ የፈታች ሎኮሞቲቭ ደግሞ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ትመደባለች። ለመስመር ያረጀች ለግቢ ታገለግላለች ማለት ነው። ለምሳሌ ቲ 16.1 የተባሉት የፕሩሲያ አምስት አክስል ሎኮሞቲቮች ብቻ 1,236 ነበሩ። ማን አዲስ ይገዛል? ቀጥሎ በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። በ1930ዎቹ ደግሞ ለአነስተኛ ጣቢያዎች ትንንሽ የነዳጅ ሞተር ሎኮሞቲቮች መግባት ጀመሩ። ምድብ 81 በ10፣ ምድብ 89.0ም በ10 ቀሩ። በመጨረሻ የጣቢያውን ሥራ የሠሩት በብዛት አሮጌዎቹ ሆኑ፤ 80ዎቹ በዋናነት ላይፕዚግና ኮሎኝ አካባቢ ጥቂት ሆነው ቀሩ።

እኔ የምኖረው ኮሎኝ ነው። ከጣቢያው በር ስትወጡ ካቴድራሉ አናታችሁ ላይ ነው። በየቀኑ ሥራ ስሄድ በዚያ አልፋለሁ፤ ግን ለብዙ ጊዜ ስለነዚህ ነገሮች አንዳች አላውቅም ነበር። ያነቃኝ ቦኹም ዳልሃውዘን ያለው የባቡር ሙዚየም ነው። ቦታው ቀድሞ የሎኮሞቲቮች ማደሪያ ነበር። 80 030 እዚያ ናት።

እዚያ አንድ በጡረታ ላይ ያሉ በጎ ፈቃደኛ ሁለት ፉርጎዎች እንዴት እንደሚያያዙ አሳዩን። ነገሩን በቅርብ ሳየው ስለ ባቡር ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። በያንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ በግራና በቀኝ ሁለት ክብ መጋጫ ብረቶች አሉ፤ መሐሉ ላይ መንጠቆ። ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ በመጋጫው ሥር ይሾልክና በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል ይቆማል። ከመንጠቆው ግራና ቀኝ ለሰው ተብሎ የተተወ ጠባብ ክፍት ቦታ አለ፤ ሠራተኞቹ «የበርን ቦታ» ይሉታል። ቀና ማለት የሚቻለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ከባዱን የብረት ቀለበት አንስቶ መንጠቆው ላይ ይሰቅላል። መሐል ያለውን ብሎን በእጀታው እያሽከረከረ ያጠብቃል፤ መጋጫዎቹ እስኪነካኩ። ከዚያ የፍሬን ቱቦውን ያገናኛል፣ ቧንቧውን ይከፍታል። በክረምት ደግሞ ፉርጎዎቹን የሚያሞቀው የእንፋሎት ቱቦ አለ፤ እሱም ይገናኛል። ሲጨርስ እንደገና ጎንበስ ብሎ ይወጣል።

ሰውየው ይህን ሲያደርጉ ብረቱ ከእጃቸው ጋር የተላመደ ነበር። ጓንታቸው በመዳፉ በኩል ተበልቶ አልቋል። ቀለበቱን እኔም እንዳነሳው ፈቀዱልኝ፤ አነሳሁት፣ ግን መንጠቆው ላይ ለመስቀል ሁለት እጅና ጉልበት ፈለገ። አሁን ይህን በዝናብ፣ በበረዶ፣ በጨለማ፣ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ አስቡት። በዚያ ላይ ከሌላኛው ጫፍ 54 ቶን ሎኮሞቲቭ አለች። ነጂዋ ሰውየውን አያየውም። መሐላቸው ያለው ምልክት ብቻ ነው። ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዛወዝና ፊሽካው አንዴ ረዘም አድርጎ ሲነፋ፣ ከኔ ራቅ ማለት ነው። ክንድ ወደ ጎን ሲወዛወዝና ፊሽካው ሁለቴ ሲነፋ፣ ወደኔ ና ነው። ክንድ ክብ ሠርቶ ሲዞርና ሦስት አጫጭር ፊሽካ ሲሰማ፣ ቁም። በሌሊት ክንዱን ፋኖስ ይተካዋል። ምልክት ከጠፋ ነጂው ወዲያው ማቆም አለበት። ምልክት የሳተ ሰው ስንቱን ዋጋ እንደከፈለ የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፉርጎ በእጅ የማያያዝ ሥራ ታሪክ አይደለም። በአውሮፓ የዕቃ ባቡሮች አብዛኛው ዛሬም እንዲሁ ነው የሚያያዘው። አሜሪካ በራሱ የሚቆለፍ ማያያዣ በሕግ ያስገደደችው በ1893 ነው። አውሮፓ ግን አገሮቹ ተስማምተው አንድ ላይ መቀየር አቅቷቸው እስካሁን አለ። ይህ ያናድደኛል።

ጦርነቱን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ባቡር የሚያሰልፍ ሰው ምን ዓይነት ባቡር እንደሚያሰልፍ አይመርጥም ይባላል። ከ1941 መጸው ጀምሮ ከኮሎኝ ከወንዙ ማዶ፣ ከዶይትስ ጣቢያ፣ አይሁዳውያንን ወደ ምሥራቅ የሚያግዙ ባቡሮች ተነስተዋል። የመጀመሪያዎቹ ፖላንድ ውስጥ ወዳለችው ዎጅ ነበር የሄዱት። ባቡሮቹን የነዱት፣ ፉርጎዎቹን ያሰለፉት፣ ፕሮግራማቸውን ያወጡት ደሞዝ የሚበላ የራይሽስባን ሠራተኞች ናቸው። የትኛዋ ሎኮሞቲቭ የትኛውን ፉርጎ ገፋች የሚለውን መቁጠር አይጠቅመኝም። ስለ ጣቢያ ሥራ በፍቅር የሚጽፍ ሰው ግን ይህንንም ሥራው ውስጥ ማስገባት አለበት። ዶይትስ ጣቢያ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ኮሎኝ ለምትኖሩ ወይም ለምታልፉ፣ ቆም ብላችሁ አንብቡት።

ላይፕዚግ ጣቢያም በሐምሌ 1944 በአሜሪካ አውሮፕላኖች ክፉኛ ተደበደበ። ጣራው ፈረሰ፣ ሰው አለቀ። ጦርነቱ ሲያልቅና አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል 80ዎቹም ተከፈሉ። 22ቱ ምሥራቅ ጀርመን፣ 17ቱ ምዕራብ ቀሩ። ምሥራቆቹ ራይሽስባን የሚለውን ስም ይዘው ቀጠሉ፤ ምዕራቡ ቡንደስባን ሆነ። በሁለቱም በኩል ሎኮሞቲቮቹ ያንኑ ሥራ ሠሩ።

መጨረሻቸውን ያመጣው ዲዝል ነው። ቡንደስባን ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ፋው 60 የምትባለውን የዲዝል ሎኮሞቲቭ አስገባ፤ በጠቅላላው 942 ተሠሩ። ይህን ቁጥር ከ39 ጋር አስተያዩት። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ገና ፈረቃ ሳይጀመር እሳት ተለኩሶላት ለሰዓታት መሞቅ አለባት። ሥራ ባይኖርም እሳቱ ይበላል። ከሥራ በኋላ አመዱ ይጠረጋል፣ ጥላሸቱ ይወጣል፣ ቦይለሩ በየጊዜው ይታጠባል። ሁልጊዜም ሁለት ሰው ትፈልጋለች፣ ነጂና እሳት አንዳጅ። ዲዝሏ ግን ሥራ ሲኖር ትነሳለች፣ ሲያልቅ ትጠፋለች። በጣቢያ ሥራ ደግሞ ግማሹ ጊዜ መጠበቅ ነው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ የእንፋሎት ወዳጅ ብሆንም ይህን አልክድም። ጥላሸቱን ሲተነፍስ ለኖረ ሰው ደግሞ እፎይታ ነው።

ደስ የሚለኝ ግን ፋው 60ን ስታዩዋት እሷም ሦስት አክስል ነው ያላት። ጎማዎቿ በዘንግ የተያያዙ ናቸው። ክብደቷም ከ80 ብዙ አይርቅም። ሞተሩ ተለወጠ እንጂ የጣቢያው ሥራ የሚጠይቀው ቅርጽ ያው ነበር። የ80 ነዳፊዎች ልኩን አግኝተውት ነበር ማለት ነው።

ምዕራብ ጀርመን 80ዎቹን እስከ 1965፣ ምሥራቅ ጀርመን እስከ 1968 አሰናበቱ። ታሪኩ ግን እዚህ አላለቀም። ከምዕራቦቹ የተወሰኑት በሩር አካባቢ ላሉ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች ተሽጠው ነበር። ለማዕድን ማውጫ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ወጪዋ ሌላ ነው፤ የምትበላው ከሰል ከእግሯ ሥር ይወጣል። ለባቡር ድርጅቱ ያልተዋጣው ሒሳብ ለነሱ ተዋጣላቸው። የመጨረሻዋ 80 ሩርኮለ በተባለው የማዕድን ድርጅት እስከ 1977 ሠርታለች። ቡንደስባን ራሱ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹን በሙሉ ያቆመው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ስለዚህ ከዋናው ድርጅት ተባራ የወጣችው ትንሿ፣ እስከዚያው ድርጅት የእንፋሎት ዘመን ፍጻሜ ገደማ ድረስ ሥራ ላይ ነበረች።

በሕይወት የተረፉትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በ1960ዎቹ የተሰናበተች ሎኮሞቲቭ ወደ ብረት ማቅለጫ ትሄዳለች፤ ያኔ አሮጌ ባቡር ማን ይፈልጋል? በ1970ዎቹ ግን ባቡር ወዳዶች ተደራጅተው ገንዘብ እያዋጡ መግዛት ጀምረው ነበር። በማዕድን ማውጫው ግቢ የቆዩት ለዚህ ጊዜ ደረሱ። ከ39ኙ ሰባቱ ዛሬ አሉ። 80 030 ቦኹም ናት። 80 013 ኖየንማርክት ባለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሙዚየም ናት። 80 039 ሃም ከተማ ያሉ ወዳጆች ይዘዋታል። 80 036 ሆላንድ ተሻግራ ቤክበርገን ትገኛለች። ከምሥራቆቹም 80 023 በድሬስደን ትራንስፖርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ናት።

የልጆች መጫወቻ ባቡር ውስጥ ደግሞ በሺዎች ናቸው። ምዕራቡ ማርክሊን፣ ምሥራቁ ፒኮ፣ ሁለቱም ሠርተዋታል። አጭር ስለሆነች በጠባብ ኩርባ ትዞራለች፣ ርካሽም ነች። እውነተኛዋን አይቶ የማያውቅ ብዙ ጀርመናዊ ቅርጿን ያውቀዋል።

ባለፈው ላይፕዚግ ስሄድ ጣቢያውን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። መድረክ 24 ላይ የድሮ ባቡሮች ለዕይታ ቆመዋል። በጦርነቱ ጊዜ የተሠራች ምድብ 52 አለች፣ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አሉ፣ የ1930ዎቹ ፈጣን የዲዝል ባቡርም አለ። ሁሉም የመስመር ናቸው። 80 የለችም። በ2013 ደግሞ ከጣቢያው ሥር የከተማ ባቡር ዋሻ ተከፍቶ፣ ብዙዎቹ የአካባቢ ባቡሮች ግድግዳው ጋ መቆም ትተው ከሥር አልፈው ይሄዳሉ። ላይ የሚገቡት አብዛኞቹም በሁለቱም ጫፍ የነጂ ክፍል አላቸው። ነጂው ከአንዱ ጫፍ ወርዶ በእግሩ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ባቡሩ በመጣበት ይመለሳል። ፉርጎ የሚያሰልፍ አያስፈልግም። አንድ ወጣት መንገደኛ በዚያ ጣቢያ ምን ዓይነት ሥራ ይሠራ እንደነበር የሚያውቅበት ምንም ነገር አላየም።

ድሬስደን ከላይፕዚግ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሐዲድ በ1839 የተከፈተ፣ የጀርመን የመጀመሪያው ረጅም መስመር ነው። 80 023ን ለአንድ በጋ እንኳ አምጥተው መድረክ 24 ላይ ቢያቆሟት ይቻላል። አጠገቧ አንድ ፉርጎ ይቁም፣ ማያያዣው ከመንጠቆው ይውረድ፣ አንድ የሚያውቅ ሠራተኛ በቀን ሁለት ጊዜ ለሰው ያሳይ። ይህን ጽፌ ለሙዚየሙም ለጣቢያውም ልኬያለሁ። መልስ ሲመጣ እዚሁ እነግራችኋለሁ።